ድምፅ ለማን ይሰጣል? ከእድር ደንብ እስከ ኦፕን ሶርስ



በዚህ ዕትም የምናጠናው ርዕስ ሲታይ የኮምፒውተርና የምህንድስና ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ከሌሎች ጋር ተባብሮ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ብዙ ሰው ያለ ክፍያ በሚያዋጣበት የጋራ ሥራ ላይ የመወሰን ድምፅ ያለው ማን ነው? መሥራቹ ነው? ብዙ የሠራው ነው? ገንዘብ ያወጣው ነው? ወይስ ተጠቃሚው ሁሉ?

ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። በየግቢው ተማሪዎች ተሰባስበው ሶፍትዌር ይሠራሉ፤ የሰላት ወቅት ማሳያ፣ የመጻሕፍት ማዋሻ መዝገብ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ማረሚያና የመሳሰሉትን። ሥራው በሁለት ወይም በሦስት ጓደኛሞች ይጀመራል። የይለፍ ቃሉ አንድ ሰው ስልክ ላይ ይቀመጣል። ያ ሰው ሲመረቅ ቁልፉም አብሮት ይወጣል፤ ወይም ለቀሪዎቹ ሳይነግር አንድ ነገር ይቀይርና ጭቅጭቅ ይነሳል። ዘንድሮ የሚመረቁት ሳይወጡ ደንብ ካልጻፍን የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው።

ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም የሚታይ፣ ማንም ሊወስደው፣ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው የሚችል ነው። ከዕለት ኑሯችን የራቀ ነገር አይደለም። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ የኦፕን ሶርስ ሥርዓት ላይ ነው፤ አብዛኞቻችን በኪሳችን የያዝነው ስልክም በሊኑክስ ላይ ይሠራል።

1. ሦስት መብቶችን እንለይ

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሦስት የተለያዩ መብቶች ሲቀላቀሉ ነው።

ሀ. የመናገር መብት፦ ስሕተት መጠቆም፣ ሐሳብ ማቅረብ፣ መቃወም።
ለ. ቁልፍ የመያዝ መብት፦ በዋናው ኮድ ላይ በቀጥታ ለውጥ ማስገባት፣ ሰርቨሩን መክፈትና መዝጋት።
ሐ. የመወሰን መብት፦ ሥራው ወዴት ይሂድ፣ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ በሚለው ላይ ድምፅ መስጠት።

አንድ ሰው የመጀመሪያው ኖሮት ሌሎቹ ላይኖሩት ይችላል። ጎበዝ ኮድ ጸሐፊ ቁልፍ ሊያዝ ይገባዋል ማለት ስለ ገንዘቡም ብቻውን ይወስን ማለት አይደለም። ድምፅ ያለው ሁሉ ቁልፍ ይያዝ ማለትም አይደለም።

ይህ ልዩነት በታሪካችንም ውስጥ አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ ቆስለው በተኙ ጊዜ ተተኪውን የመምረጡን ጉዳይ ለስድስት ሶሓባዎች ሰጡ። ልጃቸው ዐብዱላህ በምክክሩ እንዲገኝ ፈቀዱ፤ ከሥልጣኑ ግን ድርሻ እንዳይኖረው አደረጉ። ከስድስቱ አንዱ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍም (ረ.ዐ.) ውሳኔ ከመነገሩ በፊት የመዲናን ሰዎች እየዞሩ አማከሩ። ወሳኞቹ ጥቂት ነበሩ፤ የተጠየቁት ግን ብዙ ነበሩ።

2. እድር ያስተማረን

አራዳና ፒያሳ ለኖረ ሰው የዚህ ትምህርት የመጀመሪያው መጽሐፍ እድር ነው። እድር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ሥር የሚሰበሰቡበት የጎረቤት ማኅበር ነው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ደንቡም ማን አባል እንደሆነ አያሻማም። በመዝገብ የተጻፈ፣ ወርኃዊ መዋጮውን የሚከፍልና ቀብር ላይ የሚገኝ አባል ነው። በተደጋጋሚ የቀረና ያልከፈለ ይቀጣል፤ ሲብስም ይሰረዛል። በብዙ እድሮች አዲስ ገቢ ነባሮቹ ላፈሩት ንብረት ድርሻውን የሚያካክስ የመግቢያ ክፍያ ይጠየቃል።

ይህ የመግቢያ ክፍያ ከንፍገት የመጣ አይደለም። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩና በባንክ ያለው ገንዘብ ተባዝቶ አይሰጥም። ሁለት ቡድን ከተጣላ ድንኳኑን ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ይዘውት መሄድ አይችሉም።

ኮድ ግን ይባዛል። በኦፕን ሶርስ ዓለም በውሳኔ ያልተስማማ ሰው ኮዱን ገልብጦ የራሱን መንገድ መጀመር ይችላል፤ ይህን ፎርክ ይሉታል። ታዲያ መውጣት ከተቻለ ድምፅ ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱም የማይባዙ ነገሮች እዚህም አሉ። የሥራው ስም አይባዛም። ሰዎች ስልካቸው ላይ የጫኑት መተግበሪያ የሚታደስበት አካውንት አይባዛም። ተጠቃሚው በዚያ ስም ላይ የጣለው እምነት አይባዛም። ስለዚህ ድምፅ የሚያስፈልገው ከሁሉም በላይ ለእነዚህ ነው። እያንዳንዷን የኮድ መስመር በድምፅ መወሰን አያስፈልግም፤ ስሙንና ቁልፉን ማን ይያዝ የሚለው ግን የሁሉም ጉዳይ ነው።

እድር ሁለት ያልተፈቱ ጥያቄዎችም አሉት። አንደኛው፣ አባልነቱ በቤተሰብ ሲሆን ድምፁ ብዙ ጊዜ የአባወራው ነው። ወጡን የምትሠራው፣ እንግዳውን የምታስተናግደው እናት ሥራው ላይ አለች፤ ውሳኔው ላይ የለችም። የሴቶች እድር በየሰፈሩ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው በቅርቡ የመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወሩ። ሰፈሩን የለቀቀ፣ ነገር ግን ለሃያ ዓመት የከፈለ ሰው ድምፁ ይቀጥላል? ቀብር ላይ በጊዜው መድረስ የማይችለውስ? ሁለቱም ጥያቄዎች በሶፍትዌር ውስጥ እንዳሉ ቀጥለን እናያለን።

3. «ገና አልደረሱም» የሚለው መልስ

ከፒያሳ ተነስተን አራት ኪሎ ስንደርስ የፓርላማውን ሕንፃ እናያለን። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛ አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ እንዲሾሙ፣ የሕግ መምሪያ አባላትን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንዲመርጡ ደነገገ። ሕዝቡ መቼ እንደሚበቃ፣ መብቃቱስ በምን እንደሚለካ አልተጻፈም። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው፤ የመጀመሪያው ምርጫም በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተካሄደ። ያኔም ለመመረጥ በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን ይጠይቅ ነበር።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። ለአዲስ ሰው «ገና ነህ» ማለት ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በገባ በሳምንቱ ስለ ሰርቨር ይወስን የሚል የለም። ነገር ግን «ገና» የሚለው ቃል መለኪያና ቀን ከሌለው በር መዝጊያ ይሆናል።

4. ታላላቆቹ እንዴት አደረጉ?

ዴቢያን፦ በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የሊኑክስ ሥርዓት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የራሱን ሕገ ደንብ አጸደቀ። አባላቱ ወደ አንድ ሺህ ገደማ ሲሆኑ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ አለው፤ መሪውን በየዓመቱ ይመርጣሉ፣ የመሪውን ውሳኔም በድምፅ መሻር ይችላሉ። አዲስ አባል ነባር አባል ይመሰክርለታል፣ ማንነቱ ይረጋገጣል፣ የማኅበሩን መርህ ማወቁና ሥራውም ይፈተናል። ለረጅም ጊዜ በሩ የተከፈተው ሶፍትዌር ለሚያዘጋጁ ብቻ ነበር። ተርጓሚውና መመሪያ ጸሐፊው ዓመታት ቢሠሩም ድምፅ አልነበራቸውም። በ2010 እ.ኤ.አ. አባላቱ ድምፅ ሰጥተው በሌላ መንገድ የሚያገለግሉትም ሙሉ አባል እንዲሆኑ ወሰኑ። ከላይ ያነሳነው የእናቶቻችን ጥያቄ እዚህ መልስ አግኝቷል።

አፓቼ፦ በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአፓቼ ድርጅት አባላት ግለሰቦች ብቻ ናቸው፤ ኩባንያ አባል አይሆንም። ድጋፍ በመደመር አንድ፣ ተቃውሞ በመቀነስ አንድ ይገለጻል። ማንም ሰው አስተያየቱን በዚህ መልክ ሊሰጥ ይችላል፤ የሚያስረው ግን የፕሮጀክቱ ኮሚቴ አባላት ድምፅ ነው። የኮድ ለውጥን አንድ ሰው ብቻውን ማገድ ይችላል፤ ሆኖም ቴክኒካዊ ምክንያቱን መጻፍ ግዴታው ነው። «አልወደድኩትም» ብሎ ማገድ አይቻልም።

ፓይተን፦ መሥራቹ ጊዶ ቫን ሮሰም ለብዙ ዓመታት የመጨረሻው ወሳኝ ነበር። በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ከአንድ መራራ ክርክር በኋላ ከውሳኔ ሰጪነት ወረደ፤ ተተኪም አልሾመም። ዋና ሠራተኞቹ ወራት ተወያይተው አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት መረጡ። ከአምስቱ ከሁለት በላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ሊሆኑ አይችሉም። አዲስ ዋና ሠራተኛ ለመግባት ደግሞ ከነባሮቹ ድምፅ ሁለት ሦስተኛውን ማግኘት አለበት።

ኩበርኔትስ፦ እዚህ መለኪያው ቁጥር ነው። ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ቢያንስ ሃምሳ አስተዋፅኦ ያደረገ አባል ለመሪ ኮሚቴው ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። ቁጥሩ ያልያዘለት፣ ነገር ግን በሌላ መንገድ ያገለገለ ሰው አመልክቶ ሊፈቀድለት ይችላል። ቁጥር አድሎ አያውቅም፤ ሁሉንም ሥራ ግን አያይም። ስለዚህ የማመልከቻ በር ተጨመረለት።

5. ስለ ፊደላችን ሌሎች ድምፅ ሲሰጡ

ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ ማንበብ የቻላችሁት ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ነው። ዩኒኮድ የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር የሚመዘገቡበት ደረጃ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። በ2005 እና በ2010 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ ፊደላት ገቡ፤ ለጉራግኛ አዲስ አጻጻፍ የሚያስፈልጉት የገቡት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ነው።

የዩኒኮድ ማኅበር ሙሉ ድምፅ ያለው ሙሉ የአባልነት ክፍያ የሚከፍል ድርጅት ነው። በአብዛኛው እነዚህ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ናቸው። የዖማን የአውቃፍና የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስቴርም ከእነሱ ጋር ሙሉ አባል ሆኖ ተቀምጦ ያውቃል። ሐሳብ ማቅረብ ግን ለማንም ክፍት ነው። ስለ ፊደላችን ሰነድ አዘጋጅተው ያስረዱ ባለሙያዎች ያለ ድምፅ፣ በማስረጃ ብቻ አሳምነዋል።

ሁለት ነገር እንይ። የመናገር መብት በትክክል ሲከበር ድምፅ የሌለውም ሰው ትልቅ ውጤት ያመጣል። ነገር ግን ወረፋው ሲረዝምና ቅድሚያ ሲሰጥ የማን ጉዳይ ቀድሞ እንደሚታይ የሚወስነው ድምፅ ያለው ነው። ድምፅ በገንዘብ ሲገዛ የድሃው ቋንቋ ጠባቂ ይሆናል። በተማሪ ሥራ ውስጥም ላፕቶፕ የገዛ ወይም የሰርቨር ኪራይ የከፈለ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ሁለት ድምፅ ግን አይገባውም።

6. እምነት እንዴት ይመዘናል?

በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተሩን ዓለም ያስደነገጠ ነገር ተገኘ። ኤክስ ዜድ የተባለ፣ ፋይል የሚያጨምቅ አነስተኛ ፕሮግራም በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ አለ። የሚጠብቀው አንድ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠቃሚ ሥራ እየሠራ ቀረበ። ሌሎች የማይታወቁ ስሞችም «ሥራው ዘገየ፣ ረዳት ጨምር» እያሉ ነባሩን ጠባቂ ገፉት። በመጨረሻ ቁልፉ ተሰጠው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያም ሰርጎ መግቢያ የሚሆን ድብቅ ኮድ አስገባ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲመረምር ደረሰበት።

ሰውየው ሥራ ሠርቷል፤ ሃምሳ አስተዋፅኦ ቢጠየቅ ያሟላ ነበር። ስለዚህ የሥራ ብዛት ብቻውን ለቁልፍ አይበቃም።

መድረሳ የተማርን ሰዎች ይህን መለኪያ እናውቀዋለን። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ዘጋቢ ሲመዝኑ ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር፦ ዐዳላ፣ ማለትም የታመነ ጠባይ፤ እና ዶብጥ፣ ማለትም የሚያስተላልፈውን በትክክል መያዝ። ደግ ሆኖ የሚረሳው ዘገባው ይደክማል፤ ሐፊዝ ሆኖ የሚዋሸው ይጣላል። ከማን ሰማህ፣ ማን ያውቅሃል ብለውም ሰንሰለቱን ይመረምሩ ነበር። ዴቢያን የአዲስ አባልን ማንነት በነባር አባላት ፊርማ ሲያረጋግጥ የሚያደርገው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱን ግን አንርሳ፤ ምስክርነት መጠየቅ ማለት ከጓደኛ በቀር አለማስገባት አይደለም። መስካሪው ስለ ሥራውና ስለ ጠባዩ የሚያውቀውን ይናገራል፤ የትውልድ አገሩን ወይም የሚሄድበትን መስጊድ አይደለም።

7. ሁለቱ ገደሎች

በሩ በጣም ሲሰፋ የሚመጣው አደጋ ግልጽ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ ሁሉ ይምረጥ ብንል ከምርጫው በፊት በነበረው ማታ ሃያ ሰው በሊንክ ይገባል። ምንም ያልሠሩት የሠሩትን ይወስኑባቸዋል።

በሩ ሲጠብና ዝርዝሩ ሳይታደስ ሲቀር የሚመጣውን በቁጥር እንየው። አሥራ አምስት አባላት አሉ እንበል። ደንቡ ውሳኔ እንዲጸና ከግማሽ በላይ፣ ማለትም ስምንት ሰው መገኘት አለበት ይላል። ዘጠኙ ተመርቀው ሥራ ፍለጋ ተበተኑ፤ መልእክትም አይመልሱም። የቀሩት ስድስት ናቸው። ስድስቱ በሙሉ ቢስማሙ እንኳን ስምንት አይሞሉም። አዲስ አባል ማስገባት አይችሉም፤ ደንቡን ራሱን ማሻሻልም አይችሉም። ማንም ክፉ ሳይሆን ሥራው ቆለፈ።

8. ለውይይት የቀረበ ረቂቅ ደንብ

ከላይ ከተማርነው ተነስተን ለተማሪ ሥራ የሚሆን አጭር ደንብ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

አንድ፦ የአባላት ዝርዝር ተጽፎ ለሁሉም ይታይ። የቴሌግራም ግሩፕ አባልነት የድምፅ መብት አይደለም።

ሁለት፦ አንድ ሴሚስተር የሚታይ ሥራ የሠራ ሰው በአንድ አባል ይጠቆም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ካገኘ ይግባ። ካላገኘ ምክንያቱና እንደገና የሚታይበት ቀን በጽሑፍ ይሰጠው።

ሦስት፦ ኮድ ብቻ ሥራ አይባል። ትርጉም፣ የአማርኛ እርማት፣ ሙከራ፣ አዲሶችን ማስተማርና ሒሳብ መያዝ ይቆጠሩ። የራሱ ኮምፒውተር የሌለው፣ በላብራቶሪ ተራ ጠብቆ የሚሠራ ተማሪ በኮድ ቁጥር ብቻ ቢመዘን ሁልጊዜ የበታች ይሆናል።

አራት፦ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ እያንዳንዱ አባል መቀጠሉን ያሳውቅ። በሠላሳ ቀን ያልመለሰ የክብር አባል ይሁን፤ ስሙ ይከበራል፣ ምክሩ ይሰማል፣ ለምልዓተ ጉባኤ ግን አይቆጠርም። ወደ ሥራ ሲመለስ ድምፁም ይመለስለት። ሰፈር ለለቀቀው የእድር አባልም ምናልባት ይህ መልስ ይሆናል።

አምስት፦ አንድ ሰው አንድ ድምፅ። ገንዘብ የሰጠ ተጨማሪ ድምፅ አይኑረው። አምስት አባላት ባሉት ኮሚቴ ከአንድ የትምህርት ክፍል ከሁለት በላይ አይቀመጡ።

ስድስት፦ ቁልፍ ከድምፅ ተለይቶ ይሰጥ፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዘው፤ ከሁለቱ አንዱ በዚያ ዓመት የማይመረቅ ይሁን። የአንዱን ለውጥ ሌላው ሳያየው አይግባ።

ሰባት፦ ድምፅ የሌለው ማንኛውም ተጠቃሚ ያቀረበው ሐሳብ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ያግኝ።

«በወንድማማቾች መካከል ይህ ሁሉ ጽሑፍ ምን ያደርጋል? መተማመን ይበቃናል» የሚል ይኖራል። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ብድርን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም የሚናገር መሆኑን እናስታውስ። መጻፍ የታዘዘው በጠላቶች መካከል ብቻ አይደለም። የተጻፈ ነገር ወዳጅነትን ከመርሳትና ከመጠርጠር ይጠብቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሳተፉበት የጋራ ሥራ ቁልፉ በስንት ሰው እጅ ነው? ያ ሰው ነገ ቢታመም ወይም ስልኩ ቢጠፋ ምን ይሆናል?
2. እየሠራ ድምፅ የሌለው፣ ድምፅ ኖሮት የማይሠራስ ማን ነው?
3. አንድ ሴሚስተር የሚለው መለኪያ ለእናንተ ሥራ ይረዝማል ወይስ ያጥራል? ምክንያታችሁን ተናገሩ።
4. ከምሩቃን ጋር ዛሬ ተነጋግራችሁ እስከ ሰኔ ልታስረክቡ የሚገባውን ዘርዝሩ።

ረቂቁን በየቡድናችሁ አንብባችሁ የምትጨምሩትን ጨምሩ፣ የምትሰርዙትን ሰርዙ። አላህ በምንመካከርበት ጉዳይ በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።